ዋግና የገደሏ አበባ

ሙሐዲን በአምባሰል ገበሬዎች ዘንድ የሚታወቀው በሰብል ባለሙያነቱና በመነጫነጩ ነበር። የሚያነጫንጨውም አላጣም። ከውጫሌ በላይ፣ ከወይዘሮ ዋሲላ የስንዴ ማሳ ጥግ ካለው ገደል ላይ አንዲት አበባ አግኝቷል፤ ሐምራዊ፣ አንገቷን የደፋች፣ በዞረበት አገር ሁሉ ሌላ ያላየላት። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ጠባቂ እንዲመደብላት ጠየቀ። ኃላፊው ሐሳቡ ጥሩ ነው አለውና ተቀየረ። ቀጣዩም እንዲሁ ብሎ ተቀየረ። ቢቸግረው ራሱ እሾህ ቆርጦ አጠራት።

ወይዘሮ ዋሲላ ግን የሚጠይቁት ስለ ስንዴያቸው ብቻ ነበር። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቷል፤ ሲነኩት ጣት ያቀልማል። ዋግ ነው አላቸው። መድኃኒቱ እንዲመጣ ደጋግሞ ደወለ። ነገ፣ ነገ ሲባል በመድኃኒቱ ፈንታ ጦርነቱ መጣ።

ሙሐዲን ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ። ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ቢሮው ተዘርፏል፤ የመድኃኒት መርጫው ቀርቶ በሩም የለም። ሳይታጨድ የረገፈው ስንዴ መልሶ በቅሏል፤ እሱም ዋግ ይዞታል። ወደ ገደሉ ቢወጣ አጥሩ የለም፤ አበባዋንም ፍየል እስከ ሥሯ ግጧታል።

“እትዬ ዋሲላ፣ አጥሩን ማን አነሳው?”

“እኔ ነኝ” አሉ ሳያፍሩ። “እንጨት ለቀማ መውረድ በማይቻልበት ሰሞን ምን ላንድድ? ንፍሮ ቀቀልኩበት። አላህ ይስጥህ።”

ሙሐዲን ማሳው ዳር ቁጭ አለና “ዋጉ ነፋስና እርጥብ ቅጠል ካገኘ ማንም ሳይጠራው አገር ያዳርሳል” አለ። “አበባዋ ግን ያው ገደል፣ ያው ጥላ፣ ያችው ንብ ካልተሟላላት ዘር አትሰጥም። ምናለ አላህ የዋጉን ጉልበት ለሷ ቢሰጣት?”

የበቀለው ካልተነቀለ ዋጉ ለመጪው ሰብል እንደሚተርፍ ሲነግራቸው፣ ወይዘሮ ዋሲላ ነጠላቸውን አሸረጡ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሲነቅሉ ዋሉ። በማግስቱ ለአበባዋ የድንጋይ ካብ ሠራላት።

ክረምት ሲገባ ከሥሯ አቆጠቆጠች። ሙሐዲን ሊያያት እየሮጠ ወጣ፤ ቅጠሏ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጠበቀው። የስንዴ ዋግ እሷን እንደማይዝ ያውቃል፤ ይሄ ሌላ ሻጋታ ነው። እየተራገመ ምላጭ አወጣና የታመመውን ቅጠል ቆረጠ።

በዚያ ዓመት አላበበችም። ስንዴው ግን ከአምናው ሻል አለ፤ ወይዘሮ ዋሲላም ለእሸት ጠሩት። እሸቱን እያሸ በላ፤ ዓይኑ ከገደሉ አልተነሳም።