የወይዘሮ ፀሐይወርቅ አልቃሽ

ወይዘሮ ፀሐይወርቅን ያወቅኋት መሐል ሜዳ ሳስተምር ከጓሮዋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። «ወይዘሮ» የምላት ቃሉ ከስሟ ጋር ተጣብቆ ስለቀረ እንጂ አክብሬያት አይደለም። ባሏ አቶ ወልደ ጻድቅ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ለአለቃው፣ ቤት ውስጥ ለሚስቱ ሲያጎነብስ ወገቡ እንደጎበጠ የቀረ ሰው። የሰፈሩ ቤቶች አብዛኞቹ የጓሳ ሣር የለበሱ ሲሆኑ የእሷ ብቻ ቆርቆሮ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጩኸቱ ሰው አላነጋግር ይላል፤ እሷ ግን ደስ ይላታል። ማንም ሳይጠይቃት «ምን ይደረግ፣ ቆርቆሮ እኮ ነው» ትላለች።

ልጅ አልወለደችም። በዚህ የሚስቅባት ቢኖር እኔ አይደለሁም። እሷን የምንቃት፣ ልጅ የፈለገችበትን ምክንያት ስለማውቅ ነው። በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ገደማ የባሏ እኅት ሳትወልድ ሞተች። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ቀባሪው ስለ ገብስ ውርጭ ያወራል፤ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ያንቀላፋሉ፤ ከቃሬዛው አጠገብ ደረቱን የሚመታ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ፀሐይወርቅ ከዚያ ስትመለስ እህል አልቀምስ አለች። ለሟቿ ያዘነች መስሎኝ ላጽናናት ገባሁ።

«እኔንም እንዲህ ነው የሚቀብሩኝ፤ እንደ ውሻ» አለችኝ። «የሚያለቅስልኝ እፈልጋለሁ።»

የሚያለቅስላት። የሚስቅላት አላለችም፤ የሚጫወትላት፣ የሚያድግላት አላለችም። ሌላው ሰው ለክፉ ቀን እህል እንደሚያኖር እሷ እንባ ልታኖር አሰበች።

ብዙም ሳይቆይ ግሼ የምትኖረው የአጎቷ ልጅ ብርነሽ ሞተች። ብርነሽ ባሏን ቀድማ የቀበረች ድኻ ነበረች፤ ሰባት ዓመት ያልሞላት ይመኙሻል የምትባል ልጅ ትታ ሞተች። የልጅቱ አጎት ዳኜ በበቅሎ አፈናጦ አመጣት። ፀሐይወርቅ በግ አሳርዳ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠራች።

የሰው ልጅ የራስ የሚደረግበት ደንብ በአገራችን አለ። ሴትየዋ በሽማግሌና በነፍስ አባቷ ፊት ጡቷን ማር ትቀባለች፤ ልጅቱ ትጠባለች፤ ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ናት፣ አብራክ ከወለደው አትለይም። የተከበረ ደንብ ነው፤ በዚህ ደንብ ገብተው ልጅ ሆነው የቀሩ ስንት አውቃለሁ። ይመኙሻልም ጠባች። ማሩን እየላሰች ታለቅሳለች፤ እንባዋና ንፍጧ ከማሩ ጋር ተለወሰ። ፀሐይወርቅ ልብሷን ቶሎ ሰበሰበች።

«በይ ዝም በይ» አለቻት። «ከዛሬ ወዲያ ምን ጎደለሽና ታለቅሻለሽ!»

ሳምንት ሳይቆይ ዳኜ ተመልሶ መጣ። የብርነሽ የአርባ ቀን ተዝካር ደርሷል፤ ልጅቱ ለእናቷ ተዝካር ግሼ ወርዳ ከዘመድ ጋር አልቅሳ እንድትመለስ ሊወስዳት ነው። በቅሎዋን ከአጥሩ ሥር አስሮ ቆመ። ፀሐይወርቅ በረንዳ ላይ ሆና አፍንጫዋን ነፋች።

«የማንን ተዝካር ነው የምትበላው?» አለችው።

«የእናቷን ነዋ፣ እመይቴ።»

«እናቷ ማን ነው? ማር ቀብቼ አላጠባሁም? ሽማግሌ አላየም? እናቷ እኔ ነኝ። በቁሜ ተዝካሬን ልትበሉ ነው?»

ዳኜ አቶ ወልደ ጻድቅን አየ። አቶ ወልደ ጻድቅ ጫማውን አየ። በደንቡ ከሄዱ ሴትየዋ ልክ ናት፤ የጡት ልጅ ናት፣ እናቷም ቆማ ትናገራለች። እንዲህ ያለ ድንቁርና ከየት እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ነገሩን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ልጅቱን ብቻ አታውቃትም። ዳኜ በቅሎዋን ፈትቶ ብቻውን ወረደ። ይመኙሻል ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ እስኪሰወር አየችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልቅሶ በዚያ ቤት ሟርት ሆነ። ልጅቱ በእናቷ ስም የጀመረችው እንባ ሁሉ በፀሐይወርቅ ላይ የተጠራ ሞት ነው። «በቁሜ ታለቅሽብኛለሽ?» ትላታለች። ስትወድቅ «ምን ጎደለሽና!» በግ ሲታረድ ስትሳቀቅ «ምን ጎደለሽና!» «እናቴ» ብላ የምትጀምረውን ወሬ ሁሉ በአፍ በአፏ እየመታች አስጣለቻት። እርግጥ አጉድላባት አይደለም። ለበዓል የከፋይ ቀሚስ አልብሳ ቤተ ክርስቲያን ታዞራታለች። የብረት አልጋና አዲስ የሱፍ ባና ገዝታ ለብቻዋ ክፍል ሰጠቻት፤ ያንን አልጋ ለማየት ያልተጠራ ጎረቤት የለም። ከእናቷ ጉያ ሌላ መኝታ የማታውቅ ልጅ በመንዝ ብርድ የብረት አልጋ ምን ታደርገዋለች? ጠዋት ጠዋት በግልገሎቹ መካከል ተኝታ ትገኛለች፤ ለዚህም ትመታለች። በእንግዳ ፊት «እማዬ» እንድትል ስለታዘዘች ትላለች፤ እንግዳው ሲወጣ ግን እንደ ቤት ሠራተኛ «እትዬ» ትላታለች።

ጎረቤታችን አየለች የሟች እኅቷን ልጅ ያሳደገች ሴት ነበረች። ጠላ ሻጭ ስለሆነች ፀሐይወርቅ ትንቃታለች፤ ግን ወሬ ስለምትወድ አትርቃትም። አንድ ቀን ሁለቱ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አየለች መናገር ጀመረች።

«ፀሐይዬ፣ ይቺን ልጅ አንድ ሰሞን ከጎንሽ አስተኚያት፤ በአንድ ባና። እንዲህ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ራሷን ጭንሽ ላይ አርገሽ ቅማሏን ልቀሚላት።»

«ቅማል የላትም።»

«ባይኖራትም። እጅሽ ጸጉሯ ውስጥ ሲሆን የሆዷን ታወጣልሻለች። እናትሽ በሶውን እንዴት ነበር የምትበጠብጥልሽ በያት፤ እንደዚያው አርገሽ ስጫት። ታልቅስ። የእኔዋ ሁለት ክረምት አልቅሳብኛለች፤ አብሬያት ነው ያለቀስኩት። ሲወጣላት ተነሥታ መጣችልኝ።»

«በእኔ ቤት የሞተ ሰው በሶ አይበጠበጥም» አለች ፀሐይወርቅ። «ልጅቱ ጠብታለች፤ አልቋል። ማሩን አንቺም አይተሻል።»

አየለች ነጠላዋን አራግፋ ሄደች። እኔም ከመስኮቴ ይህን ስሰማ ያን ማር ከነማሰሮው ራሷ ላይ ብደፋባት ደስ ባለኝ።

ልጅቱ ቀስ በቀስ ተማረች። አራተኛ ክፍል ሳስተምራት ከግንብ ወድቃ ክንዷ ወለቀ፤ ተሸክሜ ቤት አደረስኋት፣ ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው እግሩን ብብቷ ውስጥ አስገብቶ ክንዷን ሲጎትት እኔ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ጣሪያውን ታያለች። አንዲት ጠብታ እንባ ከዓይኗ አልወረደችም። ወጌሻው ሥራውን አቁሞ አያት፤ የፈራ ይመስል ነበር። ፀሐይወርቅ ግን ልቧ አበጠ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያንን ስትናገር ሰነበተች፦

«የእኔ ልጅ እኮ ጀግና ናት! አታለቅስም!»

አቶ ወልደ ጻድቅ እንደኖረው ዝም ብሎ ሞተ። በሃምሳ ዘጠኝ ክረምት ፀሐይወርቅ ራሷ በሳንባ ሕመም ወደቀች። ይመኙሻል ጎረምሳ የሚያያት ቆንጆ ኮረዳ ሆና ነበር። ስታስታምም ያየኋት እኔ ነኝ፤ አንድ ነገር አላጎደለችም። ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣታለች። የምትታዘዘውን ሁሉ ታደርጋለች፤ ግን ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሕመምተኛዋ ያንን ፊት ተኝታ ስታይ ትውላለች። በመጨረሻ የገባት ይመስለኛል፤ ባይገባት እንኳ ፈርታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ አየለችና እኔ ልንጠይቃት ገብተን ሳለ ልጅቱን በእጇ ጠራቻት።

«እስኪ ትንሽ አልቅሽልኝ» አለቻት።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«አልቅሽልኝ። ትንሽ። ልስማው።»

ልጅቱ ታዘዘች። ለመታዘዝ ወደኋላ ብላ አታውቅም። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯን ጨመቀች፣ ፊቷን አኮማተረች፤ ትንፋሿ ሁለት ጊዜ ተሰማ፣ ከዚያ ሳል ሆነ። አየለች መቀመጥ አቅቷት ተነሣች። ፀሐይወርቅ ጆሮዋን አቅንታ ትጠብቃለች።

«አልመጣም እትዬ» አለች ልጅቱ። «ምን ጎደለብኝና?»

በሽሙጥ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። የተማረችውን ነው የመለሰችው።

ፀሐይወርቅ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቀብሩ እንደተመኘችው ትልቅ ነበር፤ ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ሲሞት ቀባሪ አይጠፋም። ሙሾ አውራጇ የልጅቱን ስም እየጠራች ግጥሙን አወረደች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ይመኙሻልን አየ። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ከቃሬዛው አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች። «የማር ልጅ» ሲሉ ሰማሁ፤ «ውለታ ቢስ» የሚልም ነበር። ይህን ያለው ሰውዬ በማሩ ቀን በጉን የበላ ነው።

አየለች ሰውን ገፍታ አጠገቧ ደረሰች። ትከሻዋን አቀፈችና፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እንደሰማሁት፣ እንዲህ አለቻት፦

«አልቅሽ ልጄ። ለፈለግሽው አልቅሽ፤ ለእናትሽም ቢሆን። ከእንግዲህ የሚቆጣሽ የለም።»

ልጅቱ ቃሬዛውን በዓይኗ አመለከተች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ቀስ ይበሉ እማማ» አለች። «እትዬ ይሰማሉ።»