ደጋ ላይ የሚጠፋው ሞተር

መኪናዬ ፍኖተ ሰላም ላይ አስቸግራኝ አታውቅም። ቡሬ ደርሳ ትመለሳለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ውሃዋ አይፈላም። ወላጆቼ ጋ፣ ደጋ ላይ ፈረስ ቤት በምትባለው ከተማ ካደረች ግን ጠዋት ትነሳና ትጠፋለች። ፀሐይ ሲያገኛት ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች። ይህን ለመካኒኬ ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደደከምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

መካኒኬ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ጋራዣቸው የምደርሰው ከሰዓት በሙቀት ስለሆነ ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ወዲያው ይነሳል። «ይኸው፣ ካንተ የተሻለ ጤና አላት» ይሉኛል። ካንዴላ ቀየሩ፤ የቤንዚን ማጣሪያ ቀየሩ። ቀጥለው በየመንገዱ በጠርሙስ የሚቸረቸረውን ቤንዚን ከሰሱ፤ እሱንም አምኜ ታንከሩ ታጠበ። በመጨረሻ ኮፈኑን እየዘጉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ መኪናህ እየደበቀችኝ ነው» አሉኝ። ሳቅን።

አባቴም ይደብቁ ነበር። ገብስና ድንች አራሽ ናቸው፤ ሲያስላቸው ደም መትፋት ከጀመሩ መቆየታቸውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ሆስፒታል ይሂዱ ስንላቸው «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ይላሉ። እሺ ያሉ ዕለት፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ልድረስ ብዬ ወጣሁ። ያን ሰሞን በጸጥታው ምክንያት ማታ መንገድ ስለማይኬድ እዚያው አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ ሳሩ ላይ አመዳይ ነበር። ሞተሩ ተነሳ፤ ጠፋ። ነዳጅ ረግጬ ብይዘውም ታንቆ ጠፋ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ወንበር ላይ ያስላሉ። ባትሪው ሲደክም እናቴ ጎረቤት ጠራች። በእኛ አገር በሽተኛ አለ ከተባለ ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው ይመጣሉ፤ እየተቀባበሉ ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ። መጡ። መጀመሪያ መኪናዋን ገፉልኝ፤ ተነስታ ጠፋች።

«አባየ፣ በቃሬዛው ይሂዱ፤ እኔ እደርስብዎታለሁ» አልኳቸው።

«መኪና ያለው ልጅ ወልጀ በሰው ትከሻ አልሄድም» አሉ። «ሰዎቹም አይድከሙ፤ አዝመራ ላይ ናቸው።»

ሰዎቹ ተያዩ። ሽማግሌ እጁን ተይዞ አይጎተት ነገር። ቃሬዛውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ከእኔ ጋር ፀሐይ ጠበቁ። ተናድጄ ነበር፤ በአባቴ ይሁን በመኪናዋ አላውቅም።

ፀሐይዋ ኮፈኑን ካሞቀችው በኋላ እንደገና ገፉ፤ ተነሳች። እናቴ ከአባቴ ጎን ገባችና ወጣን። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ አባቴ በእናቴ እቅፍ ብዙ ደም ተፉ። ሆስፒታል ሳንደርስ ዐረፉ። ቀድመን ብንደርስ ይተርፉ ነበር ያለኝ ሐኪም የለም፤ አይተርፉም ነበር ያለኝም የለም። በሰው ትከሻ አልሄድም ያሉት ሰው በዚያው ቃሬዛ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

መካኒኬ ለቅሶ መጥተው እኛ ጋ፣ ደጋው ላይ አደሩ። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ቁልፉን ጠየቁኝ። መኪናዋ ለእሳቸውም ተነሳችና ጠፋች። ፊታቸው ተለወጠ። ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ እንድከፍት አዘዙኝ።

«ሞተሩ በረዶ ሆኖ የራዲያተሩ ማራገቢያ ለምን ይዞራል?»

«ሁሌም ይዞራል» አልኳቸው። ውሃዋ የማይፈላው ለዚህ ነው ብዬ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ሽቦ በጣታቸው ተከትለው የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ጋ ደረሱ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ቆላ ነበር የሚሠራባት። ውሃ እንዳታፈላ ብሎ አንዱ መካኒክ ማራገቢያው ሁሌ እንዲዞር ሽቦውን እርስ በርሱ አገናኝቶታል፤ ስለዚህ ለመኪናዋ ኮምፒውተር ሞተሩ ሁልጊዜ የሞቀ ይመስለዋል፣ በብርድ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቤንዚንም አይደርሰውም። «ለቆላ ብሎ ነው» አሉ። «አንድ ቀን እዚህ ባድር ኖሮ…» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ሽቦውን ፈትተው እንደነበረው መለሱትና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ አልጠፋም። ብርዱ ውስጥ ያለምንም ሳል ቀጥ ብሎ ሠራ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የነበሩት፣ ቃሬዛ ይዘው የመጡት ሰዎች፣ ድምፁን ሰምተው ወጡ። እናቴ ከኋላቸው መጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች።

«አሁን ለማን ነው? አጥፋው ልጀ» አለችኝ።