የእትዬ ጉርሻ

አዲስ አበባ ላይ ሐኪሞቹ ካንሰር የያዘውን የምግብ ቧንቧዬን ቆርጠው አወጡና ጨጓራዬን ወደ ላይ ስበው ደረቴ ውስጥ ሰፉት። ወደ አገሬ ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ ሞባይል ስልክ ለከተማው ገና እንግዳ ነበር። ሐኪሞቹ ሲሸኙኝ የነገሩኝ ቀላል ነው፤ ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግመህ፣ አኝከህ ብላ፤ በልተህ ወዲያው አትጋደም። ከዚህ ከወጣሁ ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ግድግዳ ተደግፌ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል መራራው እስከ አፌ ይመጣል። የምተኛው በትራስ ክምር ተደግፌ፣ ቁጭ እንዳልኩ ነው።

ይህ ሁሉ ጎረቤቴ ለሆኑት ታላቅ እህቴ ወሬ ነው። እትዬ ዘንድ ሕመሜ ካንሰር አልነበረም፤ ከመታመሜ በፊት አዲስ አበባ አንዲት ሴት ያበላችኝ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ነው። ሐኪም ያላወጣውን እሳቸው በእህል ገፍተው ሊያወርዱት ቆርጠው ተነሡ። ጠዋት በሶ በማር፣ ከሰዓት ገንፎ በቅቤ። ስተወው ከተሜ ሆንክ ይሉኛል። ሰው ሲመጣ እኔ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ፣ ከስቶ ከስቶ ቀበቶው ብቻ ቀረ ብለው ያሳዩኛል። የምለምናቸው አንድ ነገር ነበር፤ በራሴ እጅ፣ በራሴ መጠን ልብላ።

የማርያም ማኅበር ተራው የእሳቸው የሆነ ቀን፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እያየ፣ በበግ ወጥ የራሰ ጡጫ የሚያክል ጉርሻ ይዘው ቆሙብኝ። በሞቴ አሉ። እንደማልችል ነገርኳቸው። እጃቸው አልተመለሰም። አንዱ፣ እህቱን ጠረጠረ እንዴ ሲል ሰማሁ። እኛ አገር ከሰው እጅ አልጎርስም ማለት መርዝ አለበት ብያለሁ ማለት ነው። ቄሱም ስለ እመቤታችን ብለህ ተቀበል አሉኝ። ጎረስኩ።

እህሉ ደረቴ ላይ ቆመ። ትንፋሽ አጥሮኝ፣ በሰዉ ጉልበት መካከል እየተንገዳገድኩ ወጣሁና አጥሩ ሥር አስመለስኩ። ቀና ስል እትዬ ከኋላዬ ቆመው እልል ይላሉ። ለእሳቸው ያቺ ሴት ያበላችኝ ነገር ወጣልኝ ማለት ነው። አቅፈው ሳሙኝ፤ እንባቸው ፊቴን አራሰው። ደስታቸው የእውነት ነበር። ያን ጊዜ እሳቸውን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

ጎትተው ወደ ቤት መለሱኝ፤ በእህቴ እጅ ዳንኩ በልና ይስሙህ አሉኝ። ይህን ሲሉ ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለሉ ነበር።

“አልዳንኩም እትዬ” አልኩ። “ካንሰሩ ቢተወኝ እንኳ የሚገድለኝ የእርስዎ እጅ ነው።”

እትዬ ጉርሻውን ወደ ሞሰቡ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም፤ ገበያ ላይ ስንገናኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ያልፋሉ። እኔም ቤቴን ዘግቼ በትንሽ ሳህን እበላለሁ።

ታረቅ የሚሉ ሽማግሌዎች ይመጡብኛል። ሽማግሌዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ግን የዕርቁ ዕለት ማዕድ ይቀርባል፣ እትዬም በሰዉ ፊት ያጎርሱኛል። አልታረቅም።