በማሕዘል የመጣው ሞተር

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ነበር፤ በታኅሣሥ፣ አስመራ በጠዋት ብርድ በምትኮማተርበት፣ ምጽዋ ደግሞ ዝናቧን በምታገኝበት ወቅት። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። እኔ ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ነው። የልጅ ልጄ ሰናይት ይዛኝ ሆስፒታል የተኛች ወዳጄን ልንጠይቅ ሄድን። ሰናይት ራሷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ደረጃ ስንወጣ እሷም እኔም እያረፍን ነበር። ነርሷ መጣችና ከአልጋው ጎን ያለውን ቁልፍ ተጫነች። አልጋው ዝቅ ባለ ድምፅ እያጉረመረመ የወዳጄን ጀርባ ቀስ አድርጎ ቀና አደረገው። ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን ድምፁን አወቅሁት።

«ዓባየይ፣ ምን አሳቀሽ?» አለችኝ ሰናይት፤ አያቴ ማለቷ ነው።

ቤት ስንደርስ እነግርሻለሁ አልኋት። ያልኋትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው አስመራ፣ ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። ባለቤቴ ሀብቶም በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እናቱ ኣደይ ለተብርሃንና ታናሽ ወንድሙ ግርማይ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። አማቴ ልባቸውን ታመው ነበር። በጀርባቸው ከተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ውሃ የገባባቸው ይመስል ይታፈናሉ። ትራስ ብንደራርብ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሦስታችን እየተፈራረቅን ከኋላቸው እየተቀመጥን ጀርባችንን ለጀርባቸው እንሰጥ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደን እንወድቃለን፤ እሳቸውም አብረውን ይወድቃሉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጡም። ሐኪሙ ግን ለሀብቶም ቁርጡን ነግሮት ነበር፤ እንቅልፍ ካላገኙ ልባቸው ብዙ አይቆይም።

ሀብቶም ከሥራ ሲመለስ ግቢው ውስጥ ከብረት ቧንቧ አልጋ መሥራት ጀመረ። የራስጌው በኩል በማጠፊያ የሚነሣ ነው። የጎደለው የሚያነሣው ኃይል ብቻ ነበር። እሱም ከምጽዋ ተገኘ። የሀብቶም አጎት ኣቦይ ኪዳነ እዚያ መርከብ ይጠግኑ ነበር። ለብረቷ ከምትፈርስ አንዲት አሮጌ መርከብ የሕሙማን አልጋ ላይ ሞተሩን ፈትተው አስቀመጡልን። ክንድ የሚያህል ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ከጫፉ የብረት ዘንግ ቀስ እያለ ይወጣና የተቀመጠበትን ይገፋል፤ ሲመልሱት ተመልሶ ይገባል። ኣቦይ ኪዳነ በሰው የላኩት ቃል አጭር ነበር። በጭነት መኪና እንዳይላክ፤ ሰው መጥቶ በእጁ ይውሰደው።

ሀብቶም ፈቃድ አላገኘም። ግርማይም ፈተና ላይ ነበር። እኔ እሄዳለሁ አልሁ። አማቴ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «በእጅ ከሆነማ ማሕዘሌን ውሰጂ» አሉኝ። ማሕዘል አማርኛው አንቀልባ ነው። ሀብቶምንም ግርማይንም ያዘሉበት፣ በዛጎል የተጌጠ ቆዳ ነበር። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለዱም።

ምጽዋ ስደርስ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ኣቦይ ኪዳነ ያመጣሁላቸውን ሕምባሻ ተቀበሉና ሻሂ ሰጡኝ፤ ከዚያ ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው አሳዩኝ።

«ይህ ዘንግ እጀታ ይመስላል፤ አይደለም» አሉ። «ያየው ሁሉ በእሱ ሊያነሣው ይቃጣዋል። ከጎን ከተገፋ ይጎብጣል፤ በእጅ ካዞራችሁት ደግሞ መቆሚያው ይጠፋዋል። ይህ ሽቦ እትብቱ ነው፤ በእትብቱ አይንጠለጠልም። ከሥር ደግፈሽ ያዢው።»

ቀጥለውም ስለ ላቡ ነገሩኝ። ከዚህ ሙቀትና እርጥበት ወጥቶ አስመራ ብርድ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያልበዋል፤ ላቡ በደንብ ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ እንዳታሳዩት አሉ። ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አስገብተው እንዳይወጣ በገመድ አሰሩት፤ በዘይት ወረቀት፣ ከዚያ በፎጣ ጠቀለሉት። ማሕዘሉን ሲያዩ ቀና ብለው አዩኝ። የአማቴ አሳብ ነው አልኋቸው። በጀርባዬ ባዝለው ወንበር ላይ ስደገፍ እንዳልጫነው ብለው በደረቴ በኩል አሰሩልኝ።

በዚያ ወራት ሊቶሪናዋ፣ ያቺ ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር፣ ከምጽዋ ተነሥታ ሽቅብ ስትወጣ አገሩ በየመታጠፊያው ይለወጥ ነበር። መጀመሪያ አሸዋና ግራር፤ ቀጥሎ በዝናብ የለመለመ ኮረብታ፤ ከዚያ ደመናው ራሱ በመስኮት ይገባል። ጊንዳዕ ላይ አንዲት አሮጊት እናት አንድ ቅርጫት ብርቱካን ይዘው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ሞተሩን የሸፈንሁበትን ነጠላ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እግዚኣብሔር የዕብየልኪ» አሉኝ። እግዚአብሔር ያሳድግልሽ ማለታቸው ነው። ልጅ አይደለም ልላቸው አፌን ስከፍት አንድ ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ። ምርቃት እየተሰጠ አሜን አለማለት ደግሞ አልተማርሁም። አሜን አልሁ። ቲኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣም፣ «ሕጻን አይከፍልም» ብሎ ሳቀና አለፈ።

ነፋሲት ላይ ቆምን። ሁለት ወታደሮች ጓዝ ሊፈትሹ ገቡ፤ በዚያ ጊዜ የተለመደ ነበር። ትልቁ አምሳ አለቃ ነው። ወንበር በወንበር እየፈተሸ መጥቶ ነጠላዬን በጣቱ ሲነካ ብረት አገኘው። ፊቱ ተለወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ብርቱካን ሲልጡ የነበሩት እናት እጃቸው ቆመ። በትምህርት ቤት የተማርሁት አማርኛ እንደ ጸሎት ትዝ አለኝ።

«ሞተር ነው፣ ጌታዬ። ለአማቴ አልጋ ነው። ተኝተው መተንፈስ አቅቷቸዋል፤ ይሄ ቀና ያደርጋቸዋል።»

ፍቺው አለኝ። ፈታሁት። ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው እጁን ሰደደ፤ የሰደደውም ኣቦይ ኪዳነ እንዳሉት ወደ ዘንጉ ነው። የማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

«እባክዎ ዘንጉን አይያዙት። ከሥር ይደግፉልኝ።»

በራሴ ድምፅ ደነገጥሁ። አምሳ አለቃው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ገፋ አድርጎ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ከሥሩ አቅፎ ተቀበለኝ። ሽቦውን አየ፤ ዘንጉን አየ፤ አገላበጠው፤ ሁሉንም በቀስታ። ከኋላው ያለው ወጣት ወታደር አላስቻለውም።

«አምሳ አለቃ፣ ክርስትና ሊያነሡት ነው እንዴ?»

«ዝም በል አንተ» አለው፤ እሱም ግን ፈገግ አለ። ሞተሩን ማሕዘሉ ውስጥ መልሶ አስቀመጠልኝና፣ «እግዜር ይማርልሽ» ብሎ ወረደ። ያ ሰው የት እንደደረሰ አላውቅም። እስከ ዛሬ ስጸልይ ስሙን ሳላውቅ አስበዋለሁ።

ሊቶሪናዋ ስትንቀሳቀስ ወደ አሮጊቷ ዞር ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ምርቃትዎን በከንቱ አስወጣሁዎት አልሁ። እሳቸውም ብርቱካናቸውን መላጥ ቀጠሉ።

«ለእናት የሚሆን ከሆነ ልጅ ነው» አሉ። «ምርቃቴን አላነሣም።»

ከዚያ በኋላ እጄ ሲዝል ተቀብለው ያቅፉት ነበር። ከሥር ደግፈው።

አስመራ ጣቢያ ጉም ነበር። ሀብቶም እየጠበቀኝ አገኘሁት። ስንቀጠቀጥ አይቶ ካፖርቱን አወለቀ፤ ለእኔ መስሎኝ ትከሻዬን አዘጋጀሁ፤ እሱ ግን ለሞተሩ አለበሰው። ልብ ሲለው አፈረ። ይህን እስኪሞት ድረስ አልተውሁለትም።

ቤት ስንገባ ግርማይ ሞተሩን ወለል ላይ አድርገን አሁኑኑ እንሞክረው አለ። የእናቱ ከንፈር ሲጠቁር እያየ እንዴት ይታገሥ? እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርሁ። ሀብቶም አይሆንም አለ፤ ላቡ ይድረቅ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሊጣሉ ሲሉ አማቴ ከተቀመጡበት፣ «ዘጠኝ ወር ጠብቄ ነው አንተን ያገኘሁህ» አሉት ግርማይን። «ላቡ ይድረቅለት። እኔ እጠብቃለሁ።» የሚጠብቁት በየትኛው ትንፋሻቸው እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ግርማይ ሄዶ ከጀርባቸው ተቀመጠና ጀርባውን ሰጣቸው።

ከወጥ ቤቱ ጢስና እንፋሎት አርቀን የሠርጌ ሣጥን ውስጥ፣ ልብሶቼ መካከል አጋደምነው። በከረጢት የቋጠርሁትን ደረቅ ከሰል እርጥበቱን እንዲስብ ከጎኑ አደረግሁ። በላዩ ምንም ነገር አልጫንሁበትም። በየቀኑ እየከፈትሁ ፎጣውን እዳስሰው ነበር፤ ሕጻን ሙቀት አለው ወይ ብለው እንደሚነኩት። ፎጣው ደርቆ፣ ሀብቶምም ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን ካየ በኋላ ሊገጥመው ተነሣ።

ሥራውን ቆሜ አየሁ። ባለቤቴን ማድነቅ የጀመርሁት በሠርጌ ቀን ሳይሆን በዚያ ቀን ይመስለኛል። ሁለቱም የሞተሩ ጫፎች በፒን ተይዘው እንደ ጉልበት እንዲታጠፉ አደረገ። ሽቦውን አልጋው ሲነሣ እንዳይወጠር፣ ሲወርድም እንዳይቆነጠጥ ላላ አድርጎ አሰረው። ከከተማው ኤሌክትሪክ ጋር የሚያስማማውን ትራንስፎርመር ከሰው እጅ አርቆ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ መፍቻ በያዘ ቁጥር ደግሞ አስቀድሞ ሶኬቱን ይነቅላል።

መጀመሪያ ሰው ሳይተኛበት ሞከረው፤ ተነሣ፤ ወረደ። ከዚያ አንድ ጆንያ ስንዴ ጫነበት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ማጉረምረሙ ወደ ማቃሰት ሄደ። ሀብቶም ወዲያው ሶኬቱን ነቀለ። ጎንበስ ብሎ አየና የታችኛው መያዣ የጣት ውፍረት ያህል ወደ ግራ አዘንብሎ አገኘው።

«ይህን ያህል ምን ይላል?» አለ ግርማይ።

«ዛሬ ምንም አይልም» አለው። «ቆይቶ ግን ዘንጉን ያጎብጠዋል። ያን ጊዜ እላዩ ላይ ያለችው ጆንያ ሳትሆን እናትህ ናት።»

ፈታው። ሌላ ቀዳዳ በስቶ እንደገና ገጠመው። ጆንያው አሁን ያለ ማቃሰት ተነሣ። ግርማይ እናቱን ሊያመጣ ሲል ሀብቶም ጫማውን አውልቆ ራሱ አልጋው ላይ ተኛ። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ከወደቀ በእኔ ይውደቅ አላለም፤ የሚናገር ሰው አልነበረም። ተጫንሁት። ባሌ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ቀስ እያለ ቀና አለ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ከዚያ እሳቸውን አመጣናቸው። ገና ብርሃን ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ ነበረች። ስናስተኛቸው እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸው ተያዘ፤ እጄን ጨበጡኝ። ቁልፉን ተጫንሁ። ከአልጋው ሥር ዘንጉ መውጣት ጀመረ፤ ጀርባቸው ተነሣ፤ ደረታቸው ተከፈተ። የጨበጡኝ ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ። የሊቶሪናዋን ነገር ነግሬያቸው ነበርና፣ «ዓብዩ» አሉ በቀስታ። አደገ ማለት ነው። ተኙም። ሦስታችን ዙሪያውን ቆመን ቀረን፤ ጀርባችን ሥራ ፈቶ ምን እንደምናደርገው ጠፋን።

ከዚያ በኋላ ኖሩ፤ ለመጀመሪያው ልጄ ስም እስኪያወጡ ድረስ ኖሩ። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት እንኳ ዘንጉ በቆመበት ይቆም ነበር እንጂ አንድም ጊዜ አልጣላቸውም። ሞተሩን በቤታችን በኹሪ እንለው ነበር፤ የበኩር ልጅ እንደማለት። ማሕዘሉ ላይ ከዘይት ወረቀቱ አልፎ የነካው ቅባት አንድ ጠብታ ነበር። በሳሙናም አልወጣ አለ። ልጆቼን ሁሉ በዚያው አዘልሁ።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ጎድሎኛል፤ የተሰጠኝ ግን ይበልጣል። አንድን ሰው ለማሳረፍ ስንት ሰው እጁን ከሥር እንደዘረጋ ሳስብ፣ መርከብ ጠጋኙ፣ ብርቱካን ሻጯ፣ ስሙን የማላውቀው ወታደር፣ ባለቤቴ፣ ሌላ የምለው የለኝም፤ ተመስገን።

ከሆስፒታል በተመለስን ማግስት፣ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማሕዘሉን ከሣጥን አወጣሁና ሰምበል ሰፈር ወዳለው የሰናይት ቤት ወሰድሁላት። ተቀብላ አገላበጠችው። ዛጎሎቹን ቆጠረች፤ ጥቁሯን የቅባት ነጥብ በጥፍሯ ፋቀቻት።

«ዓባየይ፣ ይህ ጠብታ የማን ነው?» አለችኝ፣ እያወቀች።

«የበኩሬ ነው» አልኋት።