ሁለት እናት ያለው የክትባት ካርድ

ካርቱም ውስጥ ኮሌጅ ልመዘገብ ስሄድ፣ በመጨረሻው ቀን፣ የሕፃንነትሽን የክትባት ካርድ አምጪ አይሉኝም! እናቴ ስትሰማ ካፉሪ ወደሚባለው ሰፈር ደወለች፤ እኔን ስትወልድ በቤት ሠራተኝነት ወደነበረችበት ቤት። የቤቱ እመቤት ሐጃ ካርዱን በፌስታል ጠቅልለው እኔና እናቴ ወዳለንበት ኮሌጅ ራሳቸው ይዘውት መጡ።

መዝጋቢው ካርዱን አይቶ ፊቱን አጨፈገገ። የእናት ስም በሚለው ላይ የተጻፈው የሐጃ ስም ነው። ለካ እናቴ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራት ጤና ጣቢያ መሄድ ስትፈራ፣ ሐጃ “የኔ ልጅ ናት” ብለው አስከትበውኛል።

“እናቷ የትኛችሁ ናችሁ?” አለ መዝጋቢው።

“አና!” አለች እናቴ በዐረብኛ።

“እኔ!” አሉ ሐጃም ያንኑ ቃል ከእናቴ በለመዱት አማርኛ፣ ደረታቸውን እየመቱ።

መዝጋቢው ሁለቱንም አየና ማኅተሙን አነሳ።

“ኸላስ፣ በቃ! ልጅቷ እንደሆነች ተከትባለች።”