የእናቴ መስቀል ጀርባ

ዛሬ ጠዋት ለጌጥ ሥራዬ ብር የተቀባ ሽቦ ለማጥቆር የተቀቀለ እንቁላል ሰንጥቄ ከሽቦው ጋር በጣሳ አፈንኩ። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ደብረ ኤልያስ፣ አባቴ ቤት መለሰኝ።

ሁዳዴ ነበር። አንጥረኛው አባቴ እንቁላል ሲቀቅል አይቼ ጾም ሊገድፍ መስሎኝ አለቀስኩ። እሱ ግን፣ ኋላ እንደገባኝ፣ «ልወልውልልሽ» ብሎ የወሰደውን የእናቴን የብር መስቀል ለመድኃኒቷ ሸጦት ነበር፤ በምትኩ ብር ከተቀባ ሽቦ የሠራውን አሮጌ እንዲመስል ሊያጠቁረው ነበር።

እናቴ አልጋ ላይ ሆና በጸሎት ስታሻሸው ከረመች። አንድ ቀን ከብሩ ሥር ቀይ መዳብ ብቅ አለ። አየችውና፣

«ገልብጪልኝ፤ አባትሽ እንዳያየው» አለችኝ። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

መድኃኒቱ አላዳናትም። ሊገንዟት ሲሉ አባቴ መስቀሉን ገለበጠውና መዳቡን አየ።

«ታውቅ ነበር እንዴ?» አለኝ።

እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። ጣሳውን መልሼ ከደንኩት።