የእትዬ ሪያ መንደር

ባለፈው ሳምንት ባቡር ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ከቦርሳቸው ጥቁር ከረሜላ አውጥተው ጋበዙኝ፤ ገና ሳልቀምሰው መድኃኒት መድኃኒት የሚለው ጨዋማ ሽታው ሜልቦርን ውስጥ ወዳደግኩባት ሰፈር ወደ ሴንት አልባንስ፣ ወደ አሥር ዓመቴ መለሰኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ሪያ ሆላንዳዊት ነበሩ። «እትዬ»ን የጨመረችላቸው እናቴ ናት፤ እሳቸውም ማዕረግ መስሏቸው ደስ ይላቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያንኑ ከረሜላ ይሰጡኛል፤ እኔም እንዳላስቀይማቸው ጉንጬ ውስጥ ወትፌው እቆይና ጽጌረዳቸው ሥር እተፋዋለሁ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ መምህራችን ቤተሰቦቻችን የመጡበትን መንደር ታሪክና መልክዓ ምድር አጥንተን እንድናቀርብ አዘዘችን። አባቴን ጠየቅኩት። ዌሪቢ ካለው የአትክልት እርሻ ሰላጣ ሲለቅም ውሎ መጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል። «ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ምን ይወራላታል? በኋላ እነግርሻለሁ» አለኝ። በኋላ፣ በኋላ ሲል ሁለት ሳምንት አለፈ፤ እኔም ጎረቤት ሄጄ የእትዬ ሪያን መንደር ተዋስኩ።

እሳቸው መናገር ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል! በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ እንዴት እንደሚያብጥ፣ የአፈር ግድቡ ተደርምሶ ያውቅ እንደነበር፣ ውሃው ሲመጣ ላሞቹ ጉብታው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን እንደሚነዱ፣ ጎርፉ የደረሰበት ልክ በየጊዜው ግድግዳው ላይ እንደሚጫርና ከፍተኛው ጭረት ከአባታቸው ትከሻ እንደሚበልጥ፣ አንዱንም ሳይዘሉ ነገሩኝ። ሁሉንም ካርቶን ላይ በቀለም ሳልኩት።

ያቀረብኩ ዕለት አባቴ ከሥራ አስፈቅዶ፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጣ። ለልጆች በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ ሲጨበጨብልኝም አጨበጨበ። ስንመለስ መኪና ውስጥ «የኛም ወንዝ ይሞላ ነበር። አንድ ክረምት እኔና ወንድሜ...» ብሎ ጀመረ።

«ኢትስ ኦኬ ዳድ» አልኩት። «ጨርሻለሁ እኮ። አስረክቤያለሁ።»

«እሺ» አለና መንዳቱን ቀጠለ።

ካደግኩ በኋላ ስንት ጊዜ ጠየቅኩት መሰላችሁ! ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አንድ ቀንም አለቀስኩበት። «ረስቼዋለሁ፣ የኔ ልጅ፤ ተይው» ይለኛል፣ ፈገግ ብሎ። እውነት ረስቶ ይሁን ወይም ያን ቀን አዝኖብኝ እንደሆነ አላውቅም።

አምና ሲያርፍ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው እናቴ ቀድማው አርፋለች። ወረቀቶቹ ሁሉ «ወሎ» ብቻ ይላሉ። እዚህ ያሉ የወሎ ሰዎች ጋ አንድ በአንድ ብደውልም ወንድሙን የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ሌሊቱን ተቀምጬ ማለዳ የሰጠሁት ወረቀት ገጽ ተኩል ነበር።

ፓስተሩ «ወሎ ውስጥ ተወለዱ» ብለው አነበቡና በቀጥታ ሜልቦርን ገቡ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን «ወሎ የት ጋ?» ብለው በሹክሹክታ ሲጠይቁ ሰማሁ። እኔ ልጁ ከፊታቸው ተቀምጫለሁ፤ የጠየቁት የእትዬ ሪያን መንደር ቢሆን ዞር ብዬ እስከ ግድግዳው ጭረት እነግራቸው ነበር።